የነሐሱ ጀርባ

ሂሳቤ በፊደል ነው፤ ለነጥብ አላስከፍልም፤
ሠላሳ ዓመት ስቀርጽ ካዘዙኝ ቃል በላይ አንድም ጨምሬ አላውቅም።
ሱቄ ከአልጋ አይሰፋም፤
ከቡሳን ወደብ በላይ፣ ከዓሣ ሻጯ አጠገብ፣
ደረጃው ከሚጀምርበት፤ ሽታው ከልብሴ አይለቅም።

ከወረዳው አንዲት ወጣት ወረቀት ይዛ መጣች፤
“ለዘማቾች ማኅበር፣ ስለ በጎ ሥራቸው” ብላ አነበበች።
ዐሥራ አራት ስም፣ ማኅተም፣ ቀን።
ነሐሱ የሁለት መዳፍ ያህል፤ ከዚህ በላይ አይችልም።

የማውቀው ግን አይገባበትም።

ኅዳር ሲጋመስ ይጀምራሉ፣
ሊነጋ ሲል፣ ባሕሩ ገና እንደጠቆረ።
መኪና እስከ ታች ነው፤ ከዚያ ወዲያ በጋሪ እስከ መታጠፊያው፣
ከዚያ ወዲያ በጀርባ፤
ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ደረጃ፣ ጠባብ፣ ውርጭ ያነጠፈው።
የከሰል ጡብ፣ ክብ፣ ሃያ ሁለት ቀዳዳ፣
ለአንድ ሰው ስምንት ስምንት፤
ሰባን የዘለለ ጉልበት፣ የሰማንያን በር የሚያንኳኳ ወገብ፤
የአንዱ ዳሌ ውስጥ ከቬትናም ጫካ የመጣ ብረት
እስከ ዛሬ አብሮት ይወጣል፣ አብሮት ይወርዳል።

ስለዚያ ጫካ አይወራም።
አንዴ ጠየቅኩ። ሊቀመንበሩ ፕዮ ቻንግሱ
ጓንቱን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀ፤
“እዚያ ያደረግነውን እዚያ ያሉት ያውቁታል” አለ።
ከዚያ ስለ በረዶ አወራን።

ደብተሩ ኦክቡን ዘንድ ነው፤ ባሏን ቀብራ በወንበሩ ተተካች፤
በማን ቤት ስንት ጡብ እንደቀረ ከባለቤቱ ቀድማ ታውቃለች፤
ማን ለመጠየቅ እንደሚያፍርም።

እናቴ መቶ ሰማንያኛው ደረጃ ላይ ነበረች።
እኔ ልጇ፣ እታች፣ የሰው ስም ስፈለፍል፣
“ወገቤን” እያልኩ።

ወለሏን ያሞቀላት ቤ ማንሺክ ነው፤
ሶጁ የማይለየው፣ ተሳዳቢ፣
ከማኅበሩ ሁለቴ ተባርሮ ሦስቴ የተመለሰ፣
(ቁጥሩ ለራሴም አይገባኝም)።
ጋሪው ይጮኽ ነበር፤ በጩኸቱ ሰዓት እናውቃለን።
ጫማዬ ጥቁር ነው ብሎ ቤቷ አይገባም፤
ከደጅ ተንበርክኮ እሳቱን ያያይዛል፣
የጭስ መውጫውን በመዳፉ ይዳስሳል፣
ውሻዋን ይራገማል፣ ይሄዳል።
እኩለ ሌሊት ላይ ተመልሶ ጡቡን ይለውጥላታል፤
ማንም አላዘዘው። እሷም የነገረችኝ
ካረፈ በኋላ ነው፣ ባለፈው የካቲት።

ከዝርዝሩ የለም። መዋጮ አልከፈለም።
ወረዳው የሚያውቀው የከፈለውን ነው።

ፕዮ ሥራውን ሊያይ መጣ፤ ነሐሱን በእጁ መዘነ፤
“ለመሆኑ” አለኝ፣ “በዚህ ዋጋ ስንት ጡብ ይገዛል?”
“ሦስት መቶ ገደማ።”
አፏጨ።
የሚበቃቸውን ቤቶች በጣቱ ሲቆጥር አየሁት፤
ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲያልፍ ዞር አልኩ።

ያን ሌሊት መብራት አላጠፋሁም።
ነሐሱን ገልብጬ፣ ምስማሩ በሚገባበት በኩል፣
ማንም በማያነበው፣
ሦስት ፊደል ቀረጽኩ፦ ቤ ማን ሺክ።
እጄ ሳይሆን አልቀረም፣ ሦስተኛው ትንሽ ተጣሟል።

በዕለቱ የሩዝ ኬክ ነበር፣ ንግግር፣ ፎቶግራፍ፤
አዛውንቶቹ ከደረጃው በቀጥታ መጥተው፣
ጥፍራቸው ጥቁር፣ ክራቫታቸው ቀይ፣
ወንበሩን እንዳያቆሽሹ ጋዜጣ አንጥፈው ተቀመጡ።
ልጅቷ አጨበጨበች፣ ሄደች።
በማግስቱ ሰሌዳው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።
ማን እንዳዞረው አልጠየቅኩም፤ አልነገሩኝም።

ለጀርባው ፊደል ሂሳብ አልላክሁም።
ትናንት ግን ኦክቡን ደብተሯን በብብቷ ይዛ
ከሱቄ በር ቆመች፤ ነሐስ አላሰበችም፤
“የቤ ጋሪ ባለቤት የለውም” አለች።
“ጎማው ይጮኻል” አልኳት።
“እንግዲያው ዘይት ይዘህ ና። በዐሥራ አንድ ሰዓት።”